በክንፍ ላይ የቀረው መግነዝ

የብርጓል ወንድሟን እንዳላማውን ካናገረችው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ተጣልተው አይደለም፤ የተጣላ ሰው ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል። እሷ ዝም ነው ያለችው። በአንድ ግቢ ሁለት ጎጆ ትይዩ ሠርተው ይኖራሉ። ጨው ሲያልቅባት ለግድግዳው ትናገራለች፤ እሱ ከውጭ ይሰማና ገዝቶ ከደጃፏ ያኖርላታል። «ይህ ግድግዳ ደግ ነው፣ ከወንድም ይሻላል» ትላለች ጨዉን እያነሳች። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ነገሩ የመግነዝ ነገር ነው።

እናታቸው እማሆይ ወለተ ሰንበት ከመነኮሱ ጀምሮ ሞታቸውን እንደ ሠርግ ያሰናዱ ነበር። ሦስት ሁዳዴ ሙሉ ጥጥ ፈልፍለው፣ በደጋን ነድፈው፣ ከልጃቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ፈተሉ። እሳቸው ድሩን፣ የብርጓል ማጉን። ሸማኔው ሠርቶ ሲያመጣው ጨርቁ ውኃ ቢያፈሱበት የማያሳልፍ ጥብቅ ነበር። እማሆይ አንዱን ጠርዝ በቀይ ክር ሦስት ጊዜ ወጉት።

«ይህ በራሴ በኩል ይሁን። ተገልብጬ እንዳልሄድ» አሉ።

አባ ወልደ ሩፋኤል፣ የንስሐ አባታቸው፣ ጸበል ረጩበት። ከዚያ በስልቻ ተከቶ ከማገሩ ላይ ተሰቀለ። እማሆይ ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ስልቻውን በመቋሚያቸው ነካ ያደርጉና «አለሽ?» ይላሉ። የቤቱ ልማድ ሆኖ ነበር።

እንዳላማው አናጢ ነው፣ እጁ የተባረከ። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ከአይሮፕላኑ ሜዳ ሥራ ገባ። እዚያ ፀጉሩ የሸበተ አንድ ካፒቴን ነበር፤ ሰው ሁሉ «ካፒታኖው» ነው የሚለው። ይህ ሰው የመንግሥት ያልሆነች፣ የራሱ የሆነች አይሮፕላን በሣጥን በሣጥን አድርጎ በካሚዮን ከአስመራ አስመጥቶ ነበር። አሮጌ ናት። ክንፏ ተደራራቢ፣ አጥንቷ እንጨት፣ ቆዳዋ ጨርቅ። በፊተኛው የፈረንጆች ጦርነት፣ ጎረምሳ ሳለ፣ የበረረው እንደሷ ባለች ነው አሉ። «አሮጊቷ» እያለ ነው የሚጠራት። ቦምብ አትጥልም፤ ሰው አትፈጅም። የሱ ፍቅር ናት፣ ሌላ ጥቅም የላትም። ከሣጥን አውጥቶ ሊገጣጥማት፣ ሊያድሳትና በበዓላቸው ቀን ሕዝብ ሰብስቦ በሰማይ ሊያሳያት ነው ሐሳቡ።

ይህ ፍቅር እንደ ወባ ወደ እንዳላማው ተጋባ። የተሰበረ የጎድን አጥንቷን ከዋንዛ እየጠረበ ተካላት። ቤት ሲገባ ወሬው ሁሉ እሷ ሆነች።

«እማዬ፣ እንጨት ነው እኮ! እንደ በር፣ እንደ አልጋ እንጨት ነው። ግን ይበራል!»

«አልጋስ መች ሳይበር ቀረ ልጄ» አሉት እማሆይ። «አራት ሰው ሲሸከመው።»

የጎደለው ጨርቅ ነበር። አርበኛው መንገዱን ዘግቶ ከአዲስ አበባ ካሚዮን አይመጣም። ካፒታኖው ከገበያ አቡጀዲ ገዝቶ አለበሳት፤ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ቀለም ሲቀቡት ግን አቡጀዲው ሲደርቅ እየተሸመቀቀ ተቀደደ። ያለውን ሁሉ አብቃቅተው የታችኛው የግራ ክንፍ ብቻ ራቁቱን ቀረ። እንዳላማው ያን ማታ ቤቱ ገብቶ ቀና ሲል ያየው ስልቻውን ነው።

«እማዬ ገና አሥር ዓመት ትኖራለች። መንገድ ሲከፈት የተሻለ አመጣለሁ» ብሎ ለልቡ ነገረው። ቤት ሰው በሌለበት መግነዙን አውጥቶ በምትኩ የዋንዛ ፍቅፋቂ ሞላበት፤ ራቁቱን የቀረው ክንፍም መግነዙን ለበሰ። በማግሥቱ እማሆይ በመቋሚያቸው ነካ አድርገው «አለሽ?» አሉ። ስልቻው ተንሿሿ።

በሳምንቱ ታመሙ። ጥቅምት ነው፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ። በሦስተኛው ቀን «መግነዜን አውርጂልኝ፣ ልየው» አሉ። የብርጓል ስልቻውን አውርዳ ማሰሪያውን ፈትታ እጇን ሰደደች። ያወጣችው የወንድሟን የዋንዛ ፍቅፋቂ ነው። እማሆይ አዩት። አልተቆጡም።

«ታዲያ ምን ለብሼ ልሂድ?» አሉ እንደ ሕፃን። ቀኑ ሳይመሽ ዐረፉ።

ያን ቀን ደግሞ በአማኑኤል መንገድ ተኩስ ነበርና ጣልያን ከአምስት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ከልክሏል። እማሆይ በአቡጀዲ ተጠቅልለው፣ በሰሌን ታስረው፣ ከቤት በቀጥታ ወደ ጥዱ ሚካኤል ተወሰዱ። ሬሳ በመንገድ ሰባት ጊዜ እያረፈ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ሰባቱ ምዕራፍ ቀረ። ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ያም ቀረ። አባ ወልደ ሩፋኤል በጥድፊያ ደግመው አፈር አለበሷቸው።

የብርጓል ዝም ያለችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ፍቅፋቂውንም አልጣለችውም። ከነስልቻው እዚያው ማገሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ ወንድሟ በደጇ ባለፈ ቁጥር እንዲያየው።

በግንቦት የጣልያኖች በዓል ሆነና ባላገሩ በግዴታ ተነድቶ ከአይሮፕላኑ ሜዳ ዳር ተሰለፈ። የብርጓልም ከጎረቤቷ ከታየች ጋር ሄደች። አሮጊቷ እየተንደቀደቀች ከምታድርበት የቆርቆሮ ዳስ ስትወጣ ግማሹ ሕዝብ በልማዱ መሬት ላይ ተዘረጋ።

«ተነሡ!» አለ አስተርጓሚው እየሳቀ። «ይቺ ቦምብ አትጥልም፣ ለጨዋታ ናት!»

«እንግዲያው እናንተ ቆማችሁ ተጫወቱ» አለ አንድ ሽማግሌ ከተኛበት ሳይነቃነቅ። «እኔ ተኝቼ እስቃለሁ።»

አሮጊቷ ተነሣች። እንደ ተባለው ከሆነ ወደ ቀኝ ታጥፋ በከተማው ላይ መዞር ነበረባት። እሷ ግን ወደ ግራ አዘነበለች። ከሜዳው ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር፣ ጥዱ ሚካኤል ያለበት ጉብታ አለ፤ ወደዚያ ሄደች። ጥቂት እንደሄደች ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ዝም። እንደተሰቀለች ቆየችና እንደገና ተንደቀደቀች። ትንሽ ሄዳ እንደገና ቁርጥ።

«ውይ፣ ጉንፋን ይዟታል!» አለች ታየች።

የብርጓል ጣቷን እያጠፈች ነበር። ሦስት። አራት። ከወንዙ ላይ አምስት። ከጉብታው ሥር ስድስት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ፊት ሰባት። ከዚያ ወዲያ አልተቋረጠችም። ጥዱ ሚካኤልን ቀስ ብላ፣ ሰው የተሸከማት ያህል ቀስ ብላ፣ ዞረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሦስተኛውን እንደጨረሰች ተመልሳ መጥታ አረፈች።

ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ታዘዘ። አጨበጨበ። ካፒታኖው ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

«የብርጓል፣ ጣትሽ ምነው እንደታጠፈ ቀረ?» አለች ታየች።

«ቆጥሬ ነው።»

በሁለተኛው ዓመት ካፒታኖው ሞተሯን አውርዶ አጥቦ፣ የዘይቱን ቧንቧ ለውጦ፣ ክንፏን የሚወጥረውን ሽቦ አጥብቆ አስነሣት። ያው ሆነ። ሰባት ጊዜ ትንፋሽ ማጣት፣ ሦስት ጊዜ መዞር። ልዩነቱ ዝቅ ማለቷ ነው፤ ባለፈው እንደ ንስር ከፍ ብላ ነበር፣ አሁን ከጉልላቱ ላይ ካለው የሰጎን እንቁላል ጋር እኩል ሆነች። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ጎማዋ የትልቁን ጥድ ጫፍ ገነጠለው። ቅርንጫፉ ወድቆ የተጋደመው በእማሆይ መቃብር ላይ ነው።

የብርጓል አባ ወልደ ሩፋኤልን ከደጀ ሰላሙ አገኘቻቸው።

«አባ፣ እርስዎ አይተዋል?»

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ።»

«ጆሮዎስ? ስንት ጊዜ ዝም አለች?»

አባ መስቀላቸውን አገላበጡ። «ብረት ነው። ብረት ይበላሻል።»

«እናቴ መንገዷን እየጨረሰች ነው። በጥድፊያ ያስቀራችሁባትን ምዕራፍ በሰማይ ትጨርሳለች። በየዓመቱ ዝቅ ትላለች። አሁን ምን ቀራት አባ? መግባት ብቻ አይደለም የቀራት?»

 አባ ሲያማትቡ እጃቸው ከግንባራቸው ሳይወርድ ብዙ ቆየ።

መስከረም ጠባ። እንግሊዝ እየመጣ ነው የሚል ወሬ በገበያው ተናፈሰ፤ ጣልያንም ሕዝቡ እንዳይሸፍት በጥቅምት ትልቅ የአይሮፕላን ትርኢት አሰናዳ። አንድ ቀን እንዳላማው ሮጦ መጣ። የብርጓል ከታየች ጋር ከደጅ ተቀምጣ ገብስ ትለቅም ነበር።

«ታየች፣ ለእታለም ንገሪያት!» አለ፤ በዚህ ዓይነት ነው የሚነጋገሩት። «ካፒታኖው በትርኢቱ ቀን ከኋላ ወንበር ሊያስቀምጠኝ ነው። እኔን! ከጎጃም አናጢ መጀመሪያ የሚበር እኔ ነኝ!»

«የብርጓል፣ ሊበር ነው ይልሻል» አለች ታየች።

«አይውጣባት በዪው።»

«አይውጣባት ትልሃለች።»

«ለምን?»

«ለምን ይላል።»

«ባዶዋን ስትሄድ ጥድ ገነጠለች። ሰው ስትጭን ከጉድጓዱ ትገባለች በዪው።»

እንዳላማው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጠረ። «የግራ ክንፏ ስለሚከብድ ነው በያት። ካፒታኖው አስልቶታል። እኔ ከኋላ በቀኝ በኩል ሚዛን እሆናታለሁ። ለዚሁም ነው የሚወስደኝ።»

«ለሬሳ ሚዛን አይሆኑም በዪው» አለች የብርጓል፤ ገብሱን ትታ ተነሣች። ታየች ይህንን ማድረስ ትታ ገብሷን ለቀመች። እሱም ሰምቶ ነበር።

ሦስት ሌሊት አሰበችው። ወንድሟ ወንድሟ ነው። ሦስት ዓመት የተቆጣችበት ሰው ሳትታረቀው ቢሞትባት፣ ያ ዝምታ እሷ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። እናቷም ያለ መግነዟ አትገባም፤ ጨርቁን ይዞ የሚመጣላትን ስታጣ ከነተሸካሚው ልትወስደው ነው። የብርጓል ለካፒታኖው ማመልከት አታውቅም፤ ማመልከቻ የሚጽፍላትም የለም። የምታውቀው ጨርቅ ነው። ፈትላዋለች። የፈተለ ደግሞ መፍታት ያውቃል።

በትርኢቱ ቀን ሹማምንቱና መኳንንቱ ከድንኳን ገብተው ምሳ እስኪበሉ ጠበቀች። ጣልያን ምሳ ላይ ከተቀመጠ ቶሎ እንደማይነሣ አገሩ ያውቃል። አገልግል አንጠልጥላ ወደ ቆርቆሮው ዳስ ሄደች። በሩ ላይ የሽዋስ ቆሟል፤ የጎረቤት ልጅ ነበር፣ አሁን የጣልያን ዘበኛ ሆኗል።

«እትዬ የብርጓል! ምነው ዛሬ?»

«ለወንድሜ ምሳ ነው።»

«ይናገሩታል እንዴ?»

«እንጀራ ለማቅረብ አፍ አያስፈልግም። ለማጉረስ እንጂ።»

የሽዋስ ስቆ አገልግሉን ከፈት አድርጎ አሸተተና አሳለፋት። ከጎመኑ ሥር ያለውን ምላጭ አላየም።

ውስጡ ጨለም ያለ ነበር። አሮጊቷ ብቻዋን ቆማለች። የቀለሙ ሽታ አፍንጫዋን ሰነጠቀው፤ ቀረብ ስትል ግን ከቀለሙ ሥር ሌላ ሽታ መጣ፣ የአደስና የቅቤ፣ የእናቷ የአንገት ሽታ። የታችኛው የግራ ክንፍ ከወገቧ ከፍታ ላይ ነው። በአመድማ ቀለም ደጋግመው ቀብተውታል። ጫፉ ላይ ግን ሦስቱ የቀይ ክር ስፌቶች ትናንት የተሰፉ መስለው ይታያሉ። ጫፉም ወደ ምዕራብ ነው። ሬሳም እንዲሁ ነው የሚጋደመው፣ ራሱ ወደ ምዕራብ።

እጇን አሳረፈችበት። ሞቀ። ፀሐይ የማይገባበት ዳስ ውስጥ ሞቀ።

«መጣሁ» አለች።

ምላጩን በስፌቱ ሰደደችው። ጨርቁ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነበርና ገና ሲከፈት ረጅም ትንፋሽ ወጣው፣ አምቆ አምቆ የቆየ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት። አላቆመችም። ከአጥንት አጥንት እየተከተለች፣ ክሩን እየበጠሰች፣ ጨርቁን ሳትነካ ስፌቱን ብቻ እየፈታች ሄደች። ግማሽ ስትደርስ የኋላው በር ተንቋቋ።

እንዳላማው ነው። ካፒታኖው የሰጠውን የቆዳ ቆብ አድርጓል።

«እታለም! ምን እያደረግሽ ነው? ዛሬ እኮ ነው! ዛሬ እኮ ልወጣባት ነው!»

ስፌቱን ፈታች።

«ይሰቅሉኛል! አንቺንም ይሰቅሉሻል!»

ስፌቱን ፈታች። እሱ ሁለት እርምጃ መጥቶ ቆመ። የቆዳ ቆቡን አወለቀ። ሲናገር ድምፁ የልጅነቱ ድምፅ ሆነ።

«ጠዋት ጠዋት ስገባ ይህንን ክንፍ ነካ አደርገዋለሁ። እንደሷ። 'አለሽ?' እላለሁ። እንዲያው ለጨዋታ ነበር የጀመርኩት።» ክንፉን በጣቱ ነካ አደረገ። «ባለፈው ሰኞ ግን 'አለሁ' አለችኝ፣ እታለም። 'አለሁ፣ መቼ ነው የምንሄደው?' አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው…»

የብርጓል ዞር ብላ አየችው። የጨርቁን ጠርዝ ዘረጋችለት።

«ያዝልኝ» አለችው።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው የተናገረችው ቃል ነው። እንዳላማው ያዘ። የመጨረሻውን ስፌት እሱ ራሱ በጠሰው። ዳሱን የሠራ እሱ ነውና የትኛው ቆርቆሮ እንደሚላቀቅ ያውቃል፤ በጀርባ በኩል ወጡ። ከድንኳኑ የሙዚቃና የሹካ ድምፅ ይሰማል። የማሽላ ማሳው ከለላቸው።

መጀመሪያ የብርጓል ብቻዋን እንደ ሕፃን አዝላው ነበር። ማሳው ሳያልቅ ወገቧ እምቢ አለ።

«አንተ ያዘው፣ ከብዷል።»

«ጨርቅ እኮ ነው» አለና ተቀበላት። ጥቂት ሄዶ እሱም አስቀመጠው። ሲያስቀምጠው በሰማይ ላይ የሞተር ድምፅ ጀመረ። ሁለቱም ቀና አሉ። የጥቅምት ሰማይ ነው፣ ጥርት ያለ፤ አንዲት ወፍ እንኳ የለችበትም። ድምፁ ከበላያቸው ነው። ሲነሡ ይነሣል። ሲያርፉ ቁርጥ ይላል።

ከሁለተኛው እረፍት በኋላ ለሁለት ያዙት። ከሦስተኛው በኋላ እንዳላማው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ቆርጦ ቃሬዛ ሠራ። ከወንዙ ሲደርሱ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ገበሬዎች አጋጠሟቸው። ሬሳ ያጋጠመ መንገደኛ ጥቂት ሳይሸኝ አያልፍምና ጭነታቸውን አውርደው ቀረቡ።

«እግዜር ያጥናችሁ። ማን ነው?»

«እናታችን ናት» አለች የብርጓል።

«መቼ ዐረፉ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት።»

ገበሬዎቹ ተያዩ። አንደኛው ከፍ ብሎ የሚሰማውን ድምፅ አዳመጠ፤ የሚታይ ነገር ፈልጎ አጣ። ከዚያ የኋላውን ጫፍ ተሸከሙ። ለአራት እንኳ ከብዷቸው ያልባቸው ነበር።

ሰባተኛውን ከቅጥሩ በር ላይ አረፉ። አባ ወልደ ሩፋኤል ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመዋል፤ ጥናቸውን ይዘዋል። የጠራቸው ሰው የለም።

«መቃብር አይከፈትም የብርጓል» አሉ፣ ድምፃቸው ግን የሚከለክል አልነበረም።

«አልከፍትም አባ። አለብሳለሁ።»

ሦስት ጊዜ ዞሩ። አባ ከፊት እየደገሙ፣ አራቱ ከኋላ። ድምፁ በየዙሩ ዝቅ አለ፤ በሦስተኛው ዙር የጥዶቹ ጫፍ ነፋስ ሳይኖር ተለመጠ፣ የአባም ጥምጥም ተርገበገበ። ገበሬዎቹ አንገታቸውን ቀበሩ። የብርጓል አልቀበረችም።

ከእማሆይ መቃብር ላይ የወደቀውን የጥድ ቅርንጫፍ አነሣች። አንድ ክንድ ያህል ቆፈሩ። መግነዙን ስትዘረጋው ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየረገፈ ወደቀ፤ ከሥሩ የወጣው ያው የሦስት ሁዳዴ ነጭ ፈትል ነው። ቀይ ክሩን በምዕራብ፣ በራስ በኩል አደረገችው። እንዳላማው የቆዳ ቆቡን ሊጨምር እጁን ሲዘረጋ «ይህ ያንተ ነው፣ እሷ ምን ታደርገዋለች» አለችው፤ ኪሱ ከተተው።

አፈሩን በገዛ እጇ መለሰች። አፈር በነካው ልክ ድምፁ ከሰማይ ወደ ምድር ገባ፤ ከእግራቸው ሥር ጥቂት ተንደቀደቀ። የመጨረሻውን አፈር ደልድላ ተነሣች። የአባን መቋሚያ ከእጃቸው ተቀብላ መቃብሩን ነካ አደረገችው።

«አለሽ?» አለች።

ሁሉም አዳመጡ። የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው። ጠበቀች። ደግማ ነካ አደረገችው።

መልስ የለም።

«እሰይ» አለች የብርጓል፤ መቋሚያውንም ለአባ መለሰች።